የሸክላው ጀርባ

ነዚፍ አባ ፊጣን ያወቅሁት ከመጋዘን ነው፣
ሂርማታ፣ ከቡና ጆንያ ቁልል ሥር።
ሃምሳ ሰው ያወርዳል፣ እሱ ይቆጥራል፣
ቁጥሩንም በዜማ ነበር የሚቆጥረው፤
«ሰባት…» ይልና ይጎትታታል፣
ስምንት ተራዋን እስክትለምን።
ሚዛን ያዡ ግሪክ እርሳሱን ጥሎ ያዳምጣል፣
ከዚያ እንደ ልማዱ ያጭበረብራል።

ብሉዝ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረው።
የእርሻ ትምህርት ቤቱ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ
ጥሎት የሄደ አንድ ሸክላ ነበር፣ ጠርዙ የተሸረፈ።
እኔ ፒካፑን ጠገንሁ፣ እሱ ተቀመጠ፣
አንድ ሰው በማይገባን ቋንቋ
ሌሊቱን ሙሉ ሲለምን ሰማን።
ጎህ ሲቀድ ነዚፍ፣ «ይሄ ሰውዬ ዕዳ አለበት» አለኝ።
«እኔም አለብኝ።»
በቃ፣ እንዲህ ጀመርን።

ሱሪው ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጥብቅ ያለ፣
ሸሚዙ ብርቱካን፣ ቁልፉ የጎደለ፣
ፈረንጅ አራዳ ላይ፣ ከዚያች ሆቴል ቤት
ቅዳሜ በመጣ፣ አዌቱ ሲሞላበት፣
ድልድዩን ተሻግሮ ሰው ይጎርፍ ነበረ፣
ጭቃውን ደጅ ትቶ፣ ጫማ እየቀየረ።
በኦሮምኛ ይጀምራል፣ ባማርኛ ያለቅሳል፣
መጨረሻው ላይ ቋንቋ አልቆ «እ…» ብቻ ይቀራል።
በዚያች «እ» ሰበብ ሁለት ትዳር ፈርሷል ይባላል።
አንዱን አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው።

በስልሳ አምስት ክረምት፣ በትሬንታ ኳትሮ፣
ጆንያ ላይ ተኝተን ጊቤን ተሻገርን።
አዲስ አበባ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክ፤
«ባንዴ ጨርሱ» አለን ባለቤቱ፣ «ኪራዩ በሰዓት ነው።»
የፊቱ ዘፈን አማረ።
በጀርባው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ጣቴን አዳለጠኝ፤
አንዲት የቤዝ ድምፅ፣ አንዲት ብቻ፣ ከመንገድ ወጣች።
አየኝ። አላቆመም።
አምስት መቶ ሸክላ ታተመ፣
ስህተቴም አምስት መቶ ጊዜ።
ገንዘቡን? እሱን ባለቤቱን ጠይቁት።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ።
ነዚፍ ካኪ ለብሶ የቀበሌ ኪነት ፊት ቆመ።
ከበሮው «ግራ፣ ቀኝ» ይላል፤
እሱ ከግራው ዘገየ፣ ከቀኙ ዘገየ፣
ማርሹን እንደ ሐዘንተኛ ወገቡን አስያዘው።
«ምነው ለቅሶ አስመሰልከው?» ቢለው ሊቀ መንበሩ
«ጓድ፣ እግሬን ያመኛል» አለ።
በእግሩ አራት ወር ታሰረ።

ሲፈታ ሆቴሏ የእህል መጋዘን ሆናለች፣
እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ በቆሎ።
ሳክስ ነፊያችን አጋሮ ወርዶ ልብስ ሰፊ ሆነ።
ኋላ አንድ ልጅ ኪቦርድ ታቅፎ መጣና
አምስታችንንም ባንድ ጣቱ ተጫወተን።
ነዚፍ ምንም አልተናገረም፤
ወደ ሂርማታ ተመለሰ፣ ወደ ቁጥሩ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ጎረምሳ ሱቄ ገባ፣
«ያቺ ሸክላ ዛሬ የሞተር ሳይክል ዋጋ ታወጣለች» አለን።
ከእኛ ማንም የለውም።
ስልኩን ካረጁት ራዲዮኖች መሃል አስቀምጦ ከፈተው።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
የሃያ ስድስት ዓመቱ ነዚፍ ይለምናል፣
የሰባ ስድስቱ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።
ሦስተኛው ዙር ደረሰ። ብየዳዬ ላይ አቀረቀርሁ።
መጣች፣ ያቺ ድምፅ።
«ይቅር በለኝ» አልሁት፤ በሃምሳ ዓመት ስንተኛዬ ነው?

«እዚያች ላይ ቃሉ ጠፍቶብኝ ነበር» አለ።
«አንተ ስትወድቅ ነው ያገኘሁት።»

እውነቱን ይሁን፣ ሊያጽናናኝ፣ አላወቅሁም።
ዕዳ ያለበት ሰው እንዲህም ይናገራል።
ልጁ «ልድገመው?» ሲል የስልኩ ባትሪ አለቀ።
ነዚፍ ባርኔጣውን አነሳ፤ ሦስት መኪና ቡና ገብቷል፣ ይጠብቁታል።
«ና እንጂ» አለኝ ከበሩ ዞሮ፣
«ስምንት ላይ ድምፄ ይጠፋል፤ እሷን አንተ በልልኝ።»