የአበባ ጨረታ

በሆላንድ፣ በአልስሜር፣ ሰዓቱ ቁልቁል ነው፤
ከጣሪያ ጀምሮ ነው ዋጋ የሚወርደው።
ቀድሞ የተጫነ ውድ ከፍሎ ይወስዳል፤
የዘገየው ደግሞ ባዶ እጁን ይሄዳል።

እኔ ዲግሪ አለኝ፣ የንግድ አስተዳደር፤
ግን ጽጌረዳ ነው ስገፋ የማድር።
አባቴ በስልኩ፣ ዘወትር እሑድ ማታ፣
«ስንት አወጣ ዲግሪህ?» ይላል በጨዋታ።
ጨዋታ አይደለም። ሲንጀር መኪናውን
ሸጦ ነው የከፈለው የመጨረሻውን
ሴሚስተር።

ባለፈው ረቡዕ፣ በካርቶን ጀርባ ላይ፣
ስንቱ አበባ እንደሚጠወልግ
ከቀዝቃዛው ክፍል እስከ ጨረታው ሲደርስ
አሰላሁ። ማንም አላዘዘኝም፤
እጄ እንዳይረሳ ብዬ ነው።
ማራይከ አየችው፤ የፈረቃው አለቃ።
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ከመቶ አስራ አንዱ?» አለች።
«አዎ፤ እዚያ በር ላይ ነው፣
ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆመው።»

በሩ ተዛወረ።
እኔ አልተዛወርኩም፤ ጋሪዬም እዚያው ነው።

ዛሬ እሑድ ነው። ስልኩ ይጮኻል።
እንዲህ እለዋለሁ፦ አባዬ፣
ሰዓቱ ገና እየወረደ ነው፤
እስካሁን የተጫነ የለም።
አንዲት ሴት ግን
ጣቷን አዝራሩ ላይ አሳርፋለች።