ከክዳኑ ስር

ሱቄ ገላን ነው፣ ከጎሚስታው ዳር፣
ሲኖትራክ ሲያልፍ ቆርቆሮው የሚሸበር።
መታወቂያ፣ ካርታ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣
የሰው ወረቀት ማባዛት ነው የኔ ሀብት።
እንግዲህ ኮፒ ሥራዬ ነው፤ ኮፒ አድራጊን ለመውቀስ
የሚያምርብኝ ሰው አይደለሁም።
ግን ለሜሳን ያየ ዝም አይልም።

ለሜሳ በያጅ ነው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ስምንት ዓመት ከብረት ጋር የታገለ፣ ኪሱ ባዶ።
ጤፍ በመስመር የምትዘራ ማሽን ሠራ፣
አንድ ሰው የሚገፋት፣ ነዳጅ የማትጣራ።
የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው፣ ይበተናል፣ ያመልጣል፤
እሱ ከአሮጌ ሻወር በፈታው ወንፊት ቆጥሮ ያወርደዋል።
ቢፍቱ አላት፣ በልጁ ስም፤
እጀታዋ ላይ ጻፈው፣ በቢጫ ቀለም።

መስከረም ላይ ሥዕሉን ይዞ መጣ፣ ሚያዝያ ናይሮቢ ሊሄድ፣
ለዐውደ ርዕይ። "ሦስት ቅጂ" አለኝ፣ ደስታው ፊቱ ላይ ሲነድ።
የፈጠራ ወረቀቱን አሳየኝ፣ ማኅተም ያለበት፤
"አሁንማ ማን ይነካኛል!" ሲል፣ ላሚኔት አደረግሁለት።
እኔስ ብሆን ማን ነግሮኝ ማኅተም አገር እንዳለው፣
ሞያሌ ሲደርስ ከመኪናው ወርዶ፣
"እኔ እስከዚህ ነኝ" ብሎ ዕቃውን እንደሚሸኘው?

ሦስቱን ቅጂ ይዞ ሄደ። ዋናው ግን ቀረ፤
ከክዳኑ ስር፣ መስታወቱ ላይ፣ በፊቱ ተደፍቶ አደረ።
ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ፣ ያ ባለ ሽቶ፣
የጉምሩክ ሰነድ ሊያስኮፒ ገብቶ፣
ክዳኑን ራሱ አነሳ። ቆየ። ምናልባት ትንሽ ቆየ።
እኔ መልስ ስፈልግ ነበር፤ ስልኩ ብልጭ ሲል ማን አየ?

ናይሮቢ ላይ ለሜሳ ቢፍቱን አጥቦ አቆማት፤
አንድ ጠበቃ በትሕትና መጣ፣ ሸራ እንዲያለብሳት።
"እዚህ አገር" አለው "ይህ ስም ባለቤት አለው፤
ኅዳር ላይ ነው፣ ቀድሞህ ያስመዘገበው።"
ንድፉም እንደዚሁ፣ ከነአሥራ ዘጠኝ ቀዳዳው።
አንዷ ቀዳዳ ጠማማ ነበረች፣ መሰርሰሪያ የሳታት፤
እሷም ተመዝግባለች።
ስህተቱ እንኳ ጌታ አገኘለት።

ተመልሶ መጣ። አልተቆጣም። ጥጉ ላይ ተቀምጦ ዋለ።
"እማዋይሽ፣ ልጄ ሞያሌን ስትሻገር የማን ናት?" አለ።
ስለ ክዳኑ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤
ሲኖትራክ አለፈ፤
ተውኩ።

አሁን ሌላ ሠርቷል፣ የሽምብራ መፈልፈያ፤ ስሟን አይናገር።
ከኬላ ከመውጣቷ በፊት፣ የምትገባበትን አገር
በደብተር ጽፎ መጣ፦ ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ካርቱም፤
በየአገሩ ቀድሞ ሊያስመዘግባት። ብሩ ለሁለቱም አይደርስም።
"ካርቱምን ሰረዝኩ" አለኝ፤ "ካምፓላንም ልሰርዝ ነው።
ለካ ገበያ የሚመረጠው በመንገዱ አይደለም፣
በማመልከቻው ዋጋ ነው።"

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩለት። ገንዘብ አልተቀበልኩም።
ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩም።

ማታ ሱቁን ስዘጋ፣ ማሽኑ ሲበርድ፣
ክዳኑን ሦስት ጊዜ አነሳለሁ።
መስታወቱ ባዶ ነው፤ የኔው ፊት ብቻ፣ ተገልብጦ።
መብራቱን አጠፋለሁ፣ ቁልፉን እይዛለሁ፣
ተመልሼ
አራተኛ ጊዜ አነሳለሁ።