ሰባተኛው ቀለም

ከኢሎኢሎ ወደብ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
አሥራ አራት ተማሪ ጀልባ ላይ ተጠጋ።
«የተላኩ» ይላል የቲሸርታችን ደረት፤
ማጠፊያው አልለቀቀም፣ ይሸታል አዲስነት።
ሬናንቴ፣ መሪያችን፣ የምህንድስና ልጅ፣
የስም ዝርዝራችንን ጠቅልሎ በእጅ፣
«ምስክርነታችሁ ሦስት ደቂቃ ይብቃው» አለ፣
«ማን ነበርኩ፣ ማን አገኘኝ፣ ዛሬ ማን ነኝ፤ ሌላ ምን አለ?»

የእኔን በቃሌ ይዣለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ
አጥንቼዋለሁ ደጋግሜ፤
የት ላይ ድምፄ እንደሚሰበር፣ የት ላይ ምራቄን እንደምውጥ፣
የትኛው ቃል ላይ ዓይኔን እንደምገልጥ።
አንድ ነገር ብቻ ለሬናንቴ አልነገርኩትም፤
ከመጋቢት ወዲህ ስጸልይ፣ ከራሴ ድምፅ በቀር አልሰማም።

ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ማዕበል የበላው ዳርቻ፣
የተገለበጠ ታንኳ፣ የተኛ ውሻ፣
ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ለብቻ።
ሥራችን ግድግዳ መቀባት ነበር፤ ሰማያዊ፣ ሁለት እጅ፤
ብሩሹን ነከርን፣ ሳቅን፣ ፎቶ ተነሣን ከደጅ።

ስምንት ዓመት የሚሆነው፣ ኤልመር የሚሉት ልጅ፣
ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ሲመረምረን ቆየና
ጠጋ ብሎ፣ ጥግ ላይ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ላጠና
«አምና ቢጫ ነበር» አለኝ።
ከቢጫው ሥር አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ሥር ነጭ።
ከነጩ ሥር ሮዝ፣ ከሮዙ ሥር ደግሞ ሌላ ቢጫ፣
ከዚያ ስም የሌለው አንድ የደበዘዘ።
ቆጠርን፣ እኔና እሱ። የእኛው ሰባተኛው ነው፤
የየዓመቱ ደግነት እንደ ዛፍ ልጥ የተነባበረው።
«ጣሪያውስ?» አልኩት። ሰማዩ ይታያል በቀዳዳ።
«ጣሪያ ላይ አይወጣም» አለ፣ «እንግዳ።»

ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ነው፣ ሁለት ሁለት ሆነን፤
ጆቤልን ባሕሩ አሟት ተኛች፣ ሄድኩ ብቻዬን
ወደ ኮንሶርሲያ ቤት። አሮጊቷ መሬት ተቀምጠው
መረብ ይጠግናሉ፣ አንዱን ጫፍ በእግር ጣታቸው ይዘው።
ጀመርኩ፤ «እናቴ፣ ስለ ሕይወቴ ልንገርዎት...»
«ጫፉን ያዢልኝ» አሉ፣ «ወጥሪው። አትልቀቂው፣ በሞቴ።»

ያዝኩት። ወጠርኩት። ሦስት ደቂቃው አለፈ።
ሠላሳውም አለፈ።
መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ ክሩ ቀዳዳውን ይሻገራል፤
ናይሎኑ ጣቴን ይከረክራል።
መረቡ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው፤ በሁለት ሰው ልክ የተሠራ።
ሌላኛውን ጎን ማን ይስብ እንደነበር
እኔ አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አላነሡት በወሬ።

ቀና ሳይሉ፤ «የእናትሽ ስም ማን ነው?»
«ፍሎርዴሊሳ።»
ከመጋቢት ወዲህ ጮክ ብዬ ያልጠራሁት ስም ነው፤
በዚያ ባጠናሁት ንግግር ውስጥ የለም፣
አንዲት ደቂቃም አልተሰጠውም።
እጄ መንቀጥቀጡን መረቡ ነገራቸው መሰለኝ።
መርፌውን ቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ ሰኩና፣
ዓይናቸውንም ሳይጨፍኑ፣ ጎረቤት እንደሚያናግር ሰው፤
«ጌታዬ፣ ይህች የፍሎርዴሊሳ ልጅ ናት።
ጣቷ ደምቷል። አንተም አይተኸዋል።»
አሜን አላሉም። መረቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣
እኔም ተጠጋሁ፣ ከመረቡ ጋር ተስቤ።

ማታ፣ በፋኖስ ዙሪያ፣ ሪፖርት ሲሰበሰብ
ሬናንቴ እስክሪብቶውን ከፍቶ፤ «ስንት ሰው ደረሳችሁ?» አለ።
ጎኔ ያለው አሥራ አንድ፣ ከፊቴ ያለችው ሰባት።
«አንድ» አልኩኝ።
ጻፈ። ማን እንደሆነች አልጠየቀኝም።

ሲነጋ፣ ግማሽ ባልዲ ሰማያዊ ቀለም ተርፎ ሳለ፣
ኤልመርን መሰላል አለ ወይ አልኩት።
ሮጦ አመጣ።
መሰላሉ አጭር ነው። ከታች ድንጋይ እየደረደርን ነው።