ስምንተኛዋ ጎማ

ጠረጴዛዬን ከተነጠቅሁ፣ ይኸው ሞላኝ ሦስት ወሩ፤
ጋዜጣ ለብሶ ቁጭ ብሏል፣ ሙጫና ቀለም ነው ዳሩ።
ኤርቪን ጡረታ ወጣ፣ ፋብሪካው ተከትሎት መጣ፤
እኔም ሾርባዬን ምድጃ ዳር እንደ መንገደኛ ቆሜ ልጠጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብረት ከብረት የበየደ፣
እሳት ቅንድቡን እየላሰው ማለዳ ማለዳ የሄደ፣
ያ እጅ፣ ያ አካፋ የሚያህል፣ እንደ ቅርፊት የሻከረ፣
ዛሬ በወረንጦ ጫፍ የቁንጫ እግር ሰካ፣ ነቀለ፣ ሞከረ።

ከሳጥኑ የወጣው ጉድ! በክፈፍ የተንጠለጠለ፣
አረንጓዴ የፕላስቲክ አጥንት፣ ቁጥር በቁጥር የተባለ፤
መስታወት፣ መሰላል፣ መንጠቆ፣ የመብራት ክዳን፣ አካፋ፣
ከፀጉር የቀጠነው አንቴና ገና በመጀመሪያው ቀን ጠፋ።

«ባለ ስምንት ጎማዋ ናት» አለኝ፣ «እዚሁ ደጃችን የተሠራች፤
ለሠላሳ አምስት ብትካፈል ነው፣ ከክርን እስከ አንጓ የሆነች።»
ሼምያኖቪትሴ ጢሷ ጠፍቶ፣ የከሰል ጉድጓዷ ተደፍኖ፣
ያ ፋብሪካ ብቻ ነው የቀረን፣ የጉሮሯችን መድፈኛ ሆኖ።

አንድ ማታ መነጽሩን አወለቀ፣ «ውሸት ነው!» ሲል ሰማሁት፤
እሳት የተነሣ መስሎኝ ከነጭልፋዬ ደረስኩበት።
«ስፌቱን አየሽው ትሩዳ? ከሆዷ በታች፣ እዚህ ጋ፣
ለጥ አድርገው ትተውታል፣ እንደ ተነጠፈ አልጋ።
የብየዳ ጠባሳ የለም! እኔ እኮ ነኝ የተኛሁበት፣
በጀርባዬ፣ ፍንጣሪው ደረቴ ላይ እየዘነበበት።»

ጭቃ የመሰለ ነገር ገዛ፣ እንደ ክር በጣቱ አሾረ፣
በጥርስ ስንጥር እየነቆረ ጠባሳዋን አሳመረ።

ከዚያ፣ እስኪደርቅለት ድረስ፣ ስለ አንዷ አወራኝ።
ከሩቅ በረሃ በጭነት አውሮፕላን ስለ መለሷት፣
ሆዷ ወደ ውስጥ ጎብጦ።
«በያጆቹን ኑና እዩ አሉን። የእኔን ስፌት ወዲያው ለየሁት።
አልለቀቀም። አንድ ጣት እንኳ አልለቀቀም።»
«ጥሩ ነው» አልኩት።
«ጥሩ ነው» አለኝ፣
«ልጁ ግን ውስጥ ነበር።»
ብሩሹን አጠበ። የታጠበውን መልሶ አጠበ።

በማግስቱ ውስጧን ይቀባ ጀመር፣
ወንበሮቿን፣ ቀበቶዎቿን፣ የቀበቶዎቿን ዘለበት፣
ጣራው ሲገጠም ዓይን የማያየውን ሁሉ።
«ማን ሊያየው?» አልኩት።
«ጣራውን ገና አልከደንኩም።»
ከግራ ሦስተኛው ወንበር ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ዋለ።
ልጃችን ሃልሽካ ደውላ፣ «አባባ በአሻንጉሊት ጀመረ?» ብላ ሳቀች፤
«ሥራ ላይ ነው» ብዬ ዘጋሁባት።

የታርጋዋን ቁጥር፣ ያችን የወረቀት ቅርፊት፣
በእኔ የስኒ ማስቀመጫ፣ በለብታ ውሃ ነከራት፤
ትንፋሹን ይዞ አንሸራቶ፣ ጎኗ ላይ አሳረፋት።
ጣራዋንም ከደነ። ሰባት ጎማ ገጠመ፤
ስምንተኛዋ ከወረንጦው አፈትልካ፣ ወለሉን ስማ ተሰወረች።

ሁለታችን በጉልበታችን፣ በባትሪ፣ ከሶፋው ሥር፣ ከምንጣፉ፣
አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተደምረን፣ እያቃሰትን።
የለችም።
«ፋብሪካ ቢሆን ትርፍ ነበረ» አለና፣
ስምንተኛው ጎማ የጎደለባትን በክብሪት ሣጥን አስደግፎ ተኛ።

ሐሙስ ስጠርግ አገኘኋት፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ኋላ፣
የኮት ቁልፍ የምታህል፣ አቧራ ለብሳ።
ሽርጤ ኪስ ከተትኳት። ይኸው እሑድ።
እሷ ከገባች ሥራው ያልቃል፤
ካለቀ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ከሠርጋችን ብርጭቆዎች ጎን ትወጣለች፤
እሱም ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቀመጣል።
ያን እጅ አውቀዋለሁ። ባዶውን አልለመድኩትም።

ዛሬም ሾርባዬን ቆሜ ጠጣሁ፣
አንድ እጄ ኪሴ ውስጥ።
በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኋት።
ትዞራለች።