የአርባ እሁድ ሌንስ

እቁብ ወጣልኝ፣ በሦስተኛው ዕጣ፤
ሃያ አራት ሺህ ብር በፌስታል ታስሮ መጣ።
አዴ መፍቱሃ ቆጥራ ስትሰጠኝ
«ለፍሪጅ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።
«አዎ» አልኩ። ዋሸሁ።
ድሬ ላይ ሆኖ፣ የቤቱ ውሃ እንደ ሻይ እየፈላ፣
ለመስታወት ነው ቢል ማን ይሰማዋል ሌላ?

ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣
ነጭ ጀርባ፣ አንድ ወንበር፣
«አገጭህን ዝቅ። ጆሮህ ይታይ። አትሳቅ።»
ፊቴ የሚቀመጥ ሁሉ ዝም በል የተባለ ነው።
አስራ አንድ ዓመት የቆመ ሰው አነሳሁ።
የሚሮጥ አማረኝ።

ታይዋን ገባሁ።
ጉሌድ ሦስት ሌንስ ጨርቅ ላይ ደረደረ፣ እንደ ቢላ።

የመጀመሪያው አዲስ ነው፣ እንደ ባዶ ጠርሙስ የቀለለ፤
«ሦስት መቶ! ከለገሃር ቆመህ» አለ፣
«ሳቢያን ያለ ሰው ሽፋሽፍት ትቆጥራለህ። በአስራ አራት ሺህ።»
ሳብኩት፤ አንገቱ ረዘመ፣ ዐይኑ ጠበበ፣
ጫፉ ላይ አምስት ነጥብ ስድስት ብሎ አነበበ፤
በቀን ጌታ፣ ሲመሽ ዳባሽ።
በቀን ደግሞ እዚህ አገር ማን ይሮጣል?
ቀትር ላይ ረጅም ሌንስ የሚያነሳው ሰው ሳይሆን ወላፈን ነው፤
ሜዳው ይሞገዳል፣ ግብ ጠባቂው ሁለት ቦታ ይቀልጣል።
ኳስ የሚወጣው አስራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ነው፣
ብርሃን እንደ ስልክ ሂሳብ ተንጠፍጥፎ ሊያልቅ ሲል።

ሁለተኛውን ለመያዝ ብቻ ሰጠኝ፤
እንደ ሰው ልጅ አቀፍኩት፣ ራሱን ደግፌ።
ዋጋውን አልጠየቅኩም፣ አልነገረኝም። ተግባባን።

ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ቀለሙ ተልጦ ናሱ የወጣ፣
በባቡር ይሁን በግመል እንጃ፣ በጅቡቲ በኩል የመጣ፤
ከሰማንያ እስከ ሁለት መቶ፣ ዳር እስከ ዳር ሁለት ነጥብ ስምንት፣
ፊቱ ላይ ጭረት፣
ሆዱ ውስጥ የአቧራ ከዋክብት።
ሲያነጣጥር ያቃስታል፤
እጅህ ቢንቀጠቀጥ አብሮህ ይንቀጠቀጣል።

በር ላይ ቆምኩ።
ባጃጅ አለፈ፤ በአዲሱ አነሳሁ፦ ሰማያዊ ጭስ።
ባጃጅ አለፈ፤ በአሮጌው አነሳሁ፦
ሹፌሩ፣ ጉንጩ በጫት የተወጠረ፣
ከመሪው በላይ የተለጠፈች የልጅ ጉርድ ፎቶ፣
ነጭ ጀርባ፣ የሚታይ ጆሮ።
የኔው ሥራ።

«ሃያ ሦስት።» «አስራ ስድስት።»
«ወላሂ እኔ ራሴ በሃያ ሁለት ነው የገዛሁት።»
«ጭረቱንም ገዝተኸዋል?» ሳቀ።
በአስራ ዘጠኝ ተኩል አለቀ፤ ምርቃት፣ አንድ መወልወያ ጨርቅ።

ቅዳሜ ማታ፣ ደቻቱ፣
ውሃ የሌለው ወንዝ፣ ሲመጣ ማንንም የማያስፈቅድ፤
አሸዋው ላይ የድንጋይ ጎል፣ ገንደ ቆሬና ለገሃሬ፣ ሴቶች ለሴቶች።
ዘጠኝ ቁጥሯ ሂንዲያ፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣
ኳሱ ወደ ሰማይ ሲወጣ አብራው ወጣች።
ተጫንኩ። ሽማግሌው አቃሰተ፣ ፈለገ፣ አለፋት፣
ከኋላዋ አንድ ድንጋይ አገኘ፣ ደስ አለው፣ ያዘው።

ድንጋዩ ጥርት ብሏል፤
አሸዋው በየቅንጣቱ በስም ይጠራል።
ልጅቷ ከወገብ በላይ ነፋስ ናት።

«አሳየኝ» አለች፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች።
ልሰርዘው ነበር፤ እጄ ዘገየ፤ አየችው።
ፊቷን አልፈለገችም።
ጣቷን ታች አሳረፈች፣ በእግሯና በጥላዋ መሃል፣
ባዶው ቦታ ላይ፦
«ይሄን ያህል ነው የዘለልኩት?»
በስንዝሯ ለካችው። ጓደኞቿን ጠራች። ደግማ ለካችው።

እሁድ ጠዋት አዴ መፍቱሃ በር ላይ ነኝ፣
ስድስት መቶ ብር በእጄ፤ ሠላሳ ሰባት እሁድ ቀረኝ።
«ፍሪጁስ?» አለችኝ፣ ብሩን እየቆጠረች፣ «እንዴት ነው?»
«አሮጌ ነው» አልኳት።
«ያቃስታል። ሲይዝ ግን ይይዛል።»