የጎደሉት አሥራ አንድ

ከመስታወቱ ኋላ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት፣
ሃያ ስድስት ዓመት ስቆጥር ሳምንት፣
የሰው ዕድሜ ለእኔ ቴምብር ነው በረድፍ፣
አንዱ ሙሉ ገጽ ነው፣ አንዱ የተዘለለ ምዕራፍ።

ሕጉ አጭር ነው፤ ልጅም ያነበንበዋል፦
አምስት መቶ ሃያ የሞላ ይበላል፣
አንድ የጎደለበት ሌላ በር ያንኳኳል።

ከኪሊቤግስ ወደብ በአውቶቡስ ተሳፍራ፣
ቁጥር ይዛ ቆማ ስትጠብቅ ተራ፣
በኅዳር ማለዳ አትራክታ መጣች፣
ከመስኮቴ በታች እጇን ዘረጋች፤
አውራ ጣቷ ጥፍር አልባ፣ መዳፏ እንደ ቆዳ፣
ቢላዋ የጻፈው ያሮጌ ዘመን ዕዳ።

«ዓሣ ፋብሪካ ነው ያደግሁት» አለችኝ፣
«በአሥራ አምስት ዓመቴ ቢላ አስጨበጡኝ።
ካርዴ የሚቀመጥ አለቃዬ ዘንድ ነው፣
ዓርብ ዓርብ ቴምብሩን በምላሱ አርሶ የሚለጥፈው።
ማነስን ሳገባ መረቁኝ፣ ሸኙኝ፣
ካርዴን በፖስታ አርገው በበር አስወጡኝ፤
ያገባች ሴት እዚያ አትቀጠርም ነበራ፤
ሚስትነት ይበቃል፣ ምን ሊሆናት ሥራ!»

ቆጠርኩ። ደገምኩ። ማሽኑም እንደኔው አለ፦
አምስት መቶ ዘጠኝ። አሥራ አንድ ጎደለ።

ከስድሳ ስድስት ዓመት አሥራ አንድ ሳምንት
ማሳ ዳር የወደቀች አንዲት ዘለላ ናት፤
ሕግ ፊት ስትቆም ግን ወንዝ ናት፣ ሙላት።

«ሌላ ካርድ የለም?» አልኳት እንደ ደንቡ።
ዝም አለች። ጣቶቿ ቦርሳዋን ሳቡ።
ካርድ አወጣች ቢጫ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣
ዊኒፍሬድ የሚል ስም እላዩ ላይ ያለ።
«እኅቴ ናት፤ ሞተች፣ ግላስጎ አረፈች፣
ጡረታ ሳትደርስ፣ ሳትበላው ሄደች።»
ጣቷን አሳረፈች ከመሃል ረድፍ ላይ፣
«እነዚህ የእኔ ናቸው፤ ቁጠራቸው፣ እይ።»

አሥራ አንድ ነበሩ።

«ሻሽ ጠቅልዬ ገባሁ ዊኒ ነኝ ብዬ፣
አጎንብሼ ዋልኩኝ ፊቴን ተከልዬ፤
ሴቶቹ አወቁኝ፤ አንዷም አላወራች፣
ባጠገቤ ስታልፍ ዐይኗን ብቻ ሰበረች።»

«እሷስ የት ነበረች?»
ጥያቄው የቅጹ ነው፣ የእኔ አይደለም፤
«ምክንያት» ካልተሞላ ማኅተምም የለም።

«የደናግሉ ገዳም» አለች በቀስታ፣
የጓንቷን ቁልፍ ዘግታ፣ ደግሞ ፈትታ።
ገባኝ። ያን ዘመን የኖረ ሁሉ ይገባዋል፦
ባል የሌላት ልጅ ሆዷ ሲገፋ ይሸሸጋል፣
ሕፃን ይወለዳል፣ ሕፃን ይወሰዳል፣
እናት ሥራ ገብታ ጡቷ አግቶ ይውላል።
«ይህንኑ ይጻፉት፣ ይታይልዎታል፤
አሥራ አንዱ ሳምንት ወደ እርስዎ ይዞራል።»

እስክሪብቶ ሰጠኋት። ያዘችው እንደ ቢላ፣
ጫፉን ቁልቁል አርጋ፣ አውራ ጣቷን ከኋላ፤
መስመሩ ላይ ጫነችው፤ አንድ ነጥብ ወጣ፣
ከነጥቡ ወዲያ ግን ፊደል አልመጣ።

«ዊኒ ለማንም ሰው ሳትተነፍስ ኖረች፣
ለባሏም፣ ለቄሱም፤ ይዛው ተቀበረች።
ለሳምንት ድርጎ ብዬ ዛሬ እኔ ልቆፍራት?
አርባ ዓመት የዘጋ አፏን ልክፈትባት?»
እስክሪብቶውን መለሰች ክዳኑን ገጥማ፣
«የድሆቹ በር የት ነው?» አለችኝ ቆማ።

አሳየኋት።
በዚያ በር በኩል ቴምብር አይቆጠርም፤
ጓዳ ነው የሚቆጠር፣ ላም ነው፣ የባንክ ደብተርም፤
የሚሰጠውም ያንሳል። ይህንንም ነገርኳት።
«ጓዳዬን ይዩት» አለች። «ጓዳዬ ንጹሕ ናት።»

ቅጹ እጄ ላይ ቀረ፣ ነጥቡም ብቻውን፤
«ያልተሟላ» ብዬ መታሁ ማኅተሙን።
ማታ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ የራሴን ከፈትኩ፣
ሰው እንዳያየኝ ብዬ ጣት እያጠፍኩ ቆጠርኩ፦
አንድ ሺህ ሦስት መቶ አምሳ፣ አንድም ያልጎደለ፣
በሌላ ሰው ስም የዋለ አንድም ቀን የሌለ።