ወላጅ አልባው ቁጥር

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ሰዓት አይጠብቅም፤
ሲጀምር አይነግርም፣ ሲያበቃ አይታወቅም።
ከዓሣ ገበያው ሥር የባሕር አንበሶች ወረፋ ይዘዋል፣
ቢላዋ ሲነሣ፣ አንጀት ሲወረወር፣ ሰዓቱን ለምደዋል።
ኤሉኔይ ከላይ ነች፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከኮራል ወሽመጥ የመጣ ቁጥር ስታይ፦
ባሕሩ ማታ የት ደረሰ? ጠዋት የት ዋለ?
ከትናንቱ ልክ በስንት ጣት ጎደለ?

ደብተሯ ወረቀት የለውም፣ ቀለምም አይጠጣ፤
ሳጥን በሳጥን ነው፣ ኮድ ገብቶበት ቁጥር የሚወጣ፤
አንዱ የሚያነብ፣ አንዱ የሚያጣራ፣
አንዱ የባሕርን ጀርባ በመስመር የሚሠራ።

ሐሙስ ዕለት ወሬ መጣ፦ "አዲሱ እትም ሊደርስ ነው፤
ቸኩሎ የሚሞክር አሁኑኑ ይጫነው።
ሁለት ሰው በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፤
ማታ ገጹ ይጠቁራል፤ ዓይንህን አትጉዳ ጓዴ።
አንዱን ቁጥር ብትነካ በሥሩ ያሉት ሁሉ
ጠሪ ሳይጠብቁ ተነሥተው ይታደሳሉ።
በስሕተት የሰረዝከው ሳጥን ወዲያው አይሞትም፤
ሠላሳ ቀን ቅርጫት ውስጥ ይተኛል፣ አይበሰብስም።"
(ማሽኑ ሴት ወንድ አይለይም፤ ሁሉም ሰው "አንተ" ነው።)
ከሁሉ በታች ደግሞ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦
"ሳጥኑ ከተሰረዘ፣ ያወጣው ስም አብሮት ይነቀላል።"

"ደግ አደረጉ" አለች። ጫነች።
የሦስት ዓመቱን ደብተር ከፈተች።
አርባ አንድ ሳጥን በተራ እየነቃ በእግሩ ቆመ፤
አርባ ሁለተኛው ግን እንደ ክፉ በቅሎ ለገመ።
"'ዝቅታ' የሚባል ስም አላውቅም" አለ በቀይ፤
"ማን ወለደው? ሳጥኑ የታል? አሳይ።"

ዝቅታ! ነጥብ አንድ ሰባት ሜትር፣ ከባሕሩ ልክ በየቀኑ ስትቀነስ
ሦስት ዓመት የኖረች፣ "የማን ልጅ ነሽ?" የሚላት ሳይደርስ።
ምድር ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ ቀን ሳይተኛ
ሆዱ ውስጥ ይዟት ነበር፣ እንደ ምስጢረኛ።
ሳጥኗ የለም። ገጹ ላይ የለም። ቅርጫት ውስጥም የለም፤
ያኔ ቅርጫት አልነበረም።

አሮጌውን እትም ብትመልሰው ሁሉም እንደ ዱሮው ይሄዳል፤
ማን ያየዋል? ባሕሩ ራሱ መጥቶ ይፈርዳል?
እጇን አሻሸች። ሪፖርቱ ሰኞ ለወደቡ ይላካል።

ደብተሩ የሮሳሜል ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል፤
ኒየብላ ላይ ድንች ይተክላል፣ የጎረቤት ራዲዮ ይፈታል።
ደወለችለት። ዝም አለ፤ ትንፋሹ ይሰማል፣
ከኋላው የሆነ ድስት ይንተከተካል።
"አንዲት ጀልባ" አለ ኋላ፣ "ስሟ ላ ፖርፊያዳ፣
ሰካራም ይዟት የመለኪያውን ምሰሶ ገጨችብን፣ በጭጋግ ማለዳ።
ምሰሶው ሰመጠ። ስንት እንደሰመጠ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር
እየተንቀጠቀጥኩ ለካሁት፤ ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር።"
"ሳጥኑስ?" አለችው።
"ዳይሬክተሩ ሊጎበኝ ሲመጣ፣ ገጹ ይጽዳ ብዬ ሰረዝኩት።
መልሼ እጽፋለሁ ብዬ። ከዚያ ረሳሁት።"

አንድ ገጽ ላይ ገቡ። የእሷ ጭረት ቀይ፣ የእሱ አረንጓዴ፤
የእሱ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ታስባለች አንዳንዴ።
ዝቅታ፣ ብሎ ጻፈ። እኩል ይሆናል። ነጥብ አንድ ሰባት።
ከጎኑ፦ ጀልባ ገጨው፤ እኔ ለካሁት፣ በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጠዋት።
ከቃሎቹ አንዱ ላይ ፊደል ዘሏል፤
ልታርመው ጣቷ ሄዶ ተመልሷል።

አርባ ሁለተኛው ተነሣ፣ ከሥሩ ያሉትም ሁሉ፤
ባሕሩ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አለ በሥዕሉ።
ወንዙ ግን፣ በመስኮት ሲያዩት፣ ጨመረ እንጂ አልቀነሰ፤
ከገበያው ደረጃ ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

ሮሳሜል ገጹን መዝጋት ረስቶ ወደ ድስቱ ሄደ፤
አረንጓዴዋ ጭረት ብልጭ ድርግም ስትል፣ ከነጥቧ አጠገብ፣ ቀኑ ነጎደ።